ስለ ትኋን ጠባይና ከቤት ስለሚወገድበት ዘዴ

በሬዲዮ ከተነገሩት የጤና ትምህርቶች

የሰው ልጅ ቀን ከሥራ ጋር ሲታገል ውሎ ማታ ድካሙን የሚያራግፈው በእንቅልፍ ነው። እንቅልፍ የሰውነት መታደሻ፣ የአእምሮም ማረፊያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይህን ዕረፍት ከሚነሡን ጥቃቅን ጠላቶች መካከል አንዱ ትኋን ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዱ ትኋንን እንደ ዕድል ቈጥሮ አብሮት ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ ከመማረሩ የተነሣ ከገበያ ያገኘውን መርዝ ሁሉ ልጆቹ በሚተኙበት ፍራሽ ላይ ይረጫል። ሁለቱም መንገድ ትክክለኛ አይደለም፤ ሁለተኛው እንዲያውም ከትኋኑ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ትኋን በመርዝ ብርታት ሳይሆን ጠባዩን በማወቅ፣ በሙቀት፣ ስንጥቅን በመድፈንና ከሁሉም በላይ ከጐረቤት ጋር በመተባበር የሚሸነፍ ተባይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የትኋን ጠባይ

ጠላቱን ያላወቀ ሰው ሊያሸንፈው አይችልምና በመጀመሪያ ጠባዩን እንመልከት። ትኋን ክንፍ ስለሌለው አይበርም፤ እንደ ቁንጫም አይዘልም፤ የሚጓዘው በእግሩ ብቻ ነው። ያደገ ትኋን ሳይመገብ ሲታይ ቁመቱ ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ቅርጹ ጠፍጣፋ፣ መልኩም ቡናማ ስለሆነ የተልባ ፍሬ ይመስላል። ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ግን ይነፋል፣ ይረዝማል፣ መልኩም ወደ ቀይ ይለወጣል። ጠፍጣፋነቱ ዋና መከላከያው ነው፤ መታወቂያ ካርድ በሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ ሁሉ ገብቶ መሸሸግ ይችላል።

ምግቡ ደም ብቻ ነው። ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተጠግቶ ይውልና ሌሊት ሰው ሲተኛ ይወጣል። ወደ ሰው የሚመራው የሰውነት ሙቀትና የምንተነፍሰው አየር ነው። ቆዳን ወግቶ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ያህል ደም ከመጠጠ በኋላ ወደ መሸሸጊያው ይመለሳል። በምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለ ሳይቸገር ይጠጣል፤ የተነከሰውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰዓት አይሰማውም። የንክሻው ምልክት በአንዱ ሰው ላይ ወዲያው ሲያብጥና ሲያሳክክ በሌላው ላይ ከቀናት በኋላ ይታያል፤ ምንም ምልክት የማይታይበት ሰውም አለ። ስለዚህ በአንድ አልጋ ከተኙ ሁለት ሰዎች አንደኛው «እኔን አልነካኝም» ቢል ትኋን የለም ማለት አይደለም።

ሴቷ ትኋን በቀን ከአንድ እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋም በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ነጭ ሆኖ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ጋር የሚተካከል ነው፤ በእንጨትና በጨርቅ ላይም ይጣበቃል። ሞቃት በሆነ ክፍል ውስጥ ከስድስት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ብርድ ከሆነ ግን ይዘገያል። የተፈለፈለው ግልገል አዋቂ እስኪሆን ድረስ ቆዳውን አምስት ጊዜ ይገፋል፤ ቆዳውን ለመግፋትም በየጊዜው ደም መጠጣት ያስፈልገዋል።

ከዚህም ሌላ ትኋን ረኀብን እጅግ ይችላል። ያደገው ትኋን ያለ ምግብ ለወራት ይቈያል፤ በብርድ ቦታ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስበት ጊዜም አለ። እንግዲህ ቤቱን ዘግቶ ለአንድ ወር ወደ ዘመድ የሄደ ሰው ሲመለስ ትኋኑ በረኀብ አልቆ እንደሚጠብቀው ተስፋ ማድረግ የለበትም።

ትኋን በሽታ ያመጣልን?

ይህን ጥያቄ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ትኋን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሽታ የሚያስተላልፍ መሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ አልተረጋገጠም። በዚህ ረገድ ከወባ ትንኝና ከቅማል የተለየ ነው። ነገር ግን በሽታ አያስተላልፍም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የተነከሰው ቦታ በጥፍር ሲታከክ ይቈስላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያደረ ሕፃን ጧት በትምህርት ቤት ያንቀላፋል፤ ሹፌሩና ሠራተኛውም ደክመው ይውላሉ። ትኋን እጅግ በበዛበት ቤት ደም ማነስ ሊደርስ እንደሚችልም ሐኪሞች ጽፈዋል። በመጨረሻም እንግዳን መፍራት፣ ጐረቤትን መሸሽና ዘወትር መጨነቅ አለ፤ ይህም ራሱ የጤና ጉድለት ነው።

እፍረት የትኋን መሸሸጊያ ነው

ከእኛ መካከል ብዙዎች ትኋን የገባበትን ቤት ንጽሕና የጐደለው አድርገው ይቈጥሩታል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። ትኋን የሚፈልገው ደምን እንጂ ቆሻሻን አይደለም። ወደ ቤት የሚገባው በሻንጣ፣ በአሮጌ ሶፋ፣ ከሌላ ሰው በተገዛ አልጋ፣ በእንግዳ ልብስ ወይም ከጐረቤት በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ነው። ንጽሕና ትኋንን ቶሎ ለማየትና መሸሸጊያ ለማሳጣት ይረዳል እንጂ በር ላይ ቆሞ አይከለክለውም። በውጭ አገርም ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴሎች ሳይቀሩ በትኋን ተቸግረዋል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. መጸው በፓሪስ ከተማ በባቡርና በሲኒማ ቤት ትኋን ታየ ተብሎ ሕዝብና መንግሥት መነጋገሪያ አድርገውት እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ሀብታሙ የሚነከስበትን ነገር ድኻው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። በእፍረት ምክንያት ለጐረቤቱ ሳይናገር ለብቻው የሚታገል ሰው ትኋኑን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ከማሳደድ በቀር ሌላ ውጤት አያገኝም።

መርዙ ለምን ተሸነፈ?

«አንድ ብርቱ መድኃኒት ቢገኝ ሁሉም ነገር ያልቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ተስፋ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ዲዲቲ ተባይን እንደሚገድል አረጋገጠ፤ በ1948 ዓ.ም.ም ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ዲዲቲ በየቤቱ ተረጨ፤ ትኋንም ከብዙ ከተሞች ሊጠፋ ተቃረበ። ነገር ግን ገና በ1947 ዓ.ም. በሐዋይ ደሴቶች ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ታይቶ ነበር።

በአገራችን ወባን ለማጥፋት በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ዲዲቲን ለብዙ ዓመታት በወባማ አካባቢዎች አስረጭቷል፤ ይህ ርጭት የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ሆኖም ለወባ ትንኝ ሲባል ቤቶች በተረጩባቸው በብዙ የዓለም አገሮች ሰዎች «ከርጭቱ በኋላ ትኋን በዛብን» እያሉ ያመለክቱ ነበር። ምክንያቱም መርዙ ደካሞቹን ሲገድል ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ የቀሩትም ይራባሉ፤ ልጆቻቸውም ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። ይህን የመሰለ ምርጫ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም መርዙን የሚቋቋም ዘር ይነግሣል።

ከዚያም በኋላ ፓይረትሮይድ የሚባሉ መርዞች በዲዲቲ ቦታ ተተኩ፤ ዛሬ በየሱቁ በጣሳ ከሚሸጡት የተባይ ማጥፊያዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ዲዲቲና ፓይረትሮይድ ግን የተባዩን ነርቭ የሚመቱት በአንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ዲዲቲን መቋቋም የለመደ ትኋን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንም ይቋቋማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትኋን በዓለም ከተሞች እንደ ገና ለመነሣቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የጣሳውን ጭስ ነፍታችሁ ትኋኑ ያልሞተ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ መጠኑን ማብዛት ግን ትኋኑን ሳይሆን እናንተን ይጎዳል።

የቤታችን አሠራርና ትኋን

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን ከተማ እናምጣው። በመሐል አዲስ አበባ ለአብነት የምንወስዳቸው ቂርቆስና ካዛንቺስ ናቸው። ቂርቆስ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራ ሰፈር ነው። የካዛንቺስ ስም ደግሞ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን የመጣ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው የኢጣልያ ድርጅት በአጭር ስሙ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ ሕዝቡም በአፉ አለዝቦ ካዛንቺስ አለው።

በእነዚህ ሰፈሮች ከነበሩትና አሁንም ካሉት አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ በባሕር ዛፍ እንጨት ተማግረው ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተመረጉ ናቸው። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንጨቱም ሲደርቅ ከጭቃው ይላቀቃል፤ በዚህ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ለትኋን የተዘጋጀ ቤት ነው። ግድግዳው እንዲያምር ጋዜጣ ይለጠፍበታል፤ በጣሪያው ሥርም አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ጨርቅ ይወጠራል፤ በጋዜጣውና በጨርቁ ኋላ ያለው ክፍተትም እንዲሁ መሸሸጊያ ይሆናል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ሆነ። በዚያም ጊዜ ሆነ ከዚያ በኋላ አያሌ ቤቶች በመካከላቸው ቀጭን ግድግዳ እየተበጀ ለሁለትና ለሦስት ቤተ ሰብ ተከፍለዋል። ሁለት ቤተ ሰብ አንድ ግድግዳ ከተጋራ ትኋኑንም ተጋርቷል ማለት ነው። አንደኛው ሲረጭ ትኋኑ ወደ ሁለተኛው ይሸሻል፤ ሁለተኛው ሲረጭ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ትኋን መኖሩ በምን ይታወቃል?

ሥራ ከመጀመር በፊት መመርመር ይገባል። በአንሶላና በፍራሽ ጠርዝ ላይ በእስክሪፕቶ የተነካ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ብታዩ የትኋን ኵስ ነው። በአንሶላ ላይ የደም ጠብታ፣ በአልጋ መገጣጠሚያ ላይ የተገፈፈ ስስ ቆዳና ነጫጭ እንቁላል፣ በክፍሉም ውስጥ የተለየ ክፉ ሽታ ቢኖር እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። መብራት ከጠፋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ ድንገት ማየትም ይረዳል። የሚፈለግባቸው ቦታዎች የፍራሽ ስፌት፣ የአልጋ እግርና መገጣጠሚያ፣ የጠፍር አልጋ ቋጠሮ፣ የሶፋ ሥር፣ የልብስ ሳጥን ማእዘን፣ የሥዕልና የፎቶግራፍ ክፈፍ ጀርባ፣ የተለጠፈ ጋዜጣ ጠርዝና በአልጋው አጠገብ ያለ የግድግዳ ስንጥቅ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከተኚው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ይገኛል።

ሥራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፤ ከመኝታችሁ አትሽሹ። ወደ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ ብትተኙ ትኋኑ ተከትሎ ይመጣል፤ አንዱ ክፍል ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ልብስና አንሶላ ሁሉ በዚያው በአልጋው አጠገብ በላስቲክ ከረጢት ተጨምሮ ይታሰር፤ ሳይታሰር በቤቱ ውስጥ አይጓጓዝ። ከዚያም በፍል ውሃ ይታጠብ። ትኋንን ከሁሉ ይልቅ የሚያሸንፈው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ትልቁም እንቁላሉም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በከተማችን ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ፍል ውሃ የማይችል ልብስ ከሆነ ደረቅ ልብስን በስፌቱ ላይ በጋለ ካውያ ዝግ ብሎ መተኰስ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ የእንጨትና የብረት አልጋ ተፈትቶ ወደ ውጭ ይውጣ፤ በመገጣጠሚያው ላይም የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ በቀጭኑ ይፍሰስበት። ይህን የሚሠራ ሰው እግሩን የሚሸፍን ጫማ ያድርግ፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ። የፈላ ውሃ በኤሌክትሪክ ማብሪያና በሶኬት አጠገብ፣ እንዲሁም በጭቃ ግድግዳ ላይ ማፍሰስ አይገባም።

አራተኛ፤ ፍራሽን ፀሓይ ላይ ማስጣት የቈየ ልማዳችን ነው። ልማዱ መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ትኋን ሙቀት ሲሰማው ከፀሓዩ ወገን ወደ ጥላው ወገን ይሸሻል፤ በዱላ ሲመታም መሬት ላይ ወድቆ በእግሩ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ፍራሹ ከቤት ራቅ ብሎ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረግ፤ ስፌቱ በጠንካራ ብሩሽ ይጠረግ፤ የረገፈውም ሁሉ ተሰብስቦ በፍል ውሃ ይጨረስ። ፀሓይ በማይገኝበት በክረምት ፍራሽን ማርጠብ ሻጋታ ያመጣልና ለዚህ ሥራ የበጋው ወራት ይመረጣሉ። ፍራሹ ተመልሶ ሲገባ ቀዳዳ በሌለው፣ ጠርዙም በተሰፋ ልብስ ቢሸፈን በውስጡ የቀረው ትኋን መውጫ ያጣል።

አምስተኛ፤ ግድግዳው ይደፈን። የተለጠፈው ጋዜጣ ተልጦ ይቃጠል፤ ስንጥቁ በጭድ ጭቃ፣ በጀሶ ወይም በሲሚንቶ ይሞላ፤ ከዚያም በኖራ ይቀባ። ኖራ ትኋንን አይገድለውም፤ ነገር ግን ቀጭኑን ቀዳዳ ይዘጋል፤ በነጩም ግድግዳ ላይ ትኋኑና ኵሱ ቶሎ ይታያሉ። ከሥራው ሁሉ ለረጅም ጊዜ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ መርዝ ኃይሉ ያልቃል፤ የተደፈነ ስንጥቅ ግን እንደ ተደፈነ ይኖራል።

ስድስተኛ፤ አልጋው እንደ ደሴት ይሁን። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ብርድ ልብስና አንሶላ መሬት አይንካ። ትኋን ለስላሳ በሆነ ንጹሕ ፕላስቲክና ጠርሙስ ላይ መውጣት ስለሚቸግረው የአልጋው አራት እግሮች ጐናቸው ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀመጡ፤ በዕቃውም ውስጥ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይደረግ። በየጧቱ ዕቃውን በማየት ትኋን መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ላምባ ወይም ቤንዚን መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በጭድና በእንጨት በተሠራ ቤት ውስጥ በመኝታ ሥር ላምባ ማስቀመጥ እሳትን መጋበዝ ነው።

ሰባተኛ፤ ሥራው ይደገም። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን በስንጥቅ ውስጥ የቀሩ እንቁላሎች አይጠፉም፤ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይፈለፈላሉ። ስለዚህ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛ፣ ከዚያም በኋላ በተመሳሳይ ልዩነት ሦስተኛ ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። ሁለት ወር ሙሉ ንክሻም ሆነ ምልክት ካልታየ ቤቱ ነጻ ወጣ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ከመጀመሪያው ድል በኋላ ሥራውን በማቋረጡ ነው።

ስለ መርዝ ማስጠንቀቂያ

አሁን ከነገራችን ሁሉ ከባዱን እንናገር። በገበያ ላይ መለያ ወረቀት በሌለው ጠርሙስ ወይም በፌስታል እየተቈጠረ «የትኋን መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ለእርሻ የተዘጋጀ መርዝ ነው። ለእርሻ የተሠራ መርዝ በሜዳ ላይ በነፋስና በፀሓይ መካከል እንዲረጭ የታሰበ እንጂ ሰው አፉንና አፍንጫውን ደፍቶ ለሚተኛበት ፍራሽ የታሰበ አይደለም። ማላታይን የመሰሉት የእርሻ መርዞች በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ገብተው ነርቭን ያውካሉ፤ ብዙ ላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የትንፋሽ ማጠር ያመጣሉ። መርዙን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ደግሞ ሕፃኑ እንዲጠጣው ማዘጋጀት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ በጐተራ የሚጨመረው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ጽላት ነው። ይህ ጽላት የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በካናዳ አገር በአልበርታ ክፍለ አገር አንድ ቤተ ሰብ ትኋንን ለማጥፋት ሲል ይህን ጽላት በመኖሪያ ቤቱ አስቀምጦ ሕፃናት ሞተውበታል። ጋዝ ግድግዳ አያግደውም፤ በቂርቆስም ሆነ በሌላ ሰፈር በተጋራ የጭቃ ግድግዳ ኋላ ያለው የጐረቤት ልጅ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የእህል ጽላት በምንም ምክንያት ወደ መኖሪያ ቤት አይግባ።

መርዝ ማስረጨት ግድ ከሆነ በሙያው የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ይጠራ። በአገራችን የፀረ ተባይ መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት መመዝገብ ያለበት ስለሆነ የመድኃኒቱ ስም፣ ለቤት ውስጥ የተፈቀደ መሆኑና ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ከቤት መራቅ እንደሚገባ ሠራተኛውን መጠየቅ መብታችሁ ነው። መርዝ በገላ፣ በፀጉር፣ በሕፃን አልጋና በምግብ ዕቃ ላይ አይረጭ። በመርዝ የታመመ ሰው ቢኖር ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ የነካው ልብስ ይውለቅለት፤ ገላው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ሳይዘገይም የመርዙን ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ዕቃውን ካየ የሚሰጠውን ሕክምና በቶሎ ያውቃል።

የጐረቤት ኅብረት

ከላይ እንደ ገለጽነው ግድግዳ በተጋሩ ቤቶች ለብቻ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁሉ ተመካክረው በአንድ ቀን ቢጀምሩ ግን ትኋኑ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላልና፣ አንበሳን የሚያስር ኅብረት ትኋንን ያቅተዋል ተብሎ አይታሰብም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ እድር አለን። ለሐዘን ቀን የተገዛው ትልልቅ ብረት ድስት ለአንድ ግቢ የሚበቃ ውሃ በአንድ ጊዜ ያፈላል፤ የእድሩም ድንኳን ከየቤቱ የወጣው ዕቃ ተለይቶ የሚቀመጥበት ጥላ ይሆናል። ጀሶውንና ሲሚንቶውን በኅብረት መግዛት፣ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ በአንድነት መቅጠር ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን ወጪ ያቃልላል። ጕልበት የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ቤታቸው በወጣቶች ርዳታ ሊሠራላቸው ይገባል። ይህ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ከአንዲት ባልቴት ቤት ያልተነቀለ ትኋን የግቢውን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ነገሩን የሚጀምር ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ይኸውም በቡና ሰዓት «በእኔ ቤት ትኋን አለ፤ በእናንተስ?» ብሎ ሳያፍር የሚጠይቅ ነው።

ቤት ለሚለውጡ ሰዎች

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት አያሌ የካዛንቺስ ኗሪዎች ለብዙ ዘመን ከኖሩበት ሰፈር ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። ቤት መለወጥ ለትኋን ታላቅ የመጓጓዣ ዕድል ነው፤ በመኪናው ላይ ከተጫነው ፍራሽና ሳጥን ጋር ሳይከፍል ይሄዳል። በአዲሱ ቤት፣ የብሎኬት ግድግዳ ቢሆንም፣ በበር መቃንና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ገብቶ እንደ ገና ይራባል፤ አዲሶቹን ጐረቤቶችም ይጎበኛል።

ስለዚህ ዕቃ ከመጫኑ በፊት አልጋው ይፈታ፤ በፍል ውሃም ይታጠብ። ልብስ ታጥቦ በታሰረ ከረጢት ይሂድ። ፍራሹ ተመርምሮ በላስቲክ ይሸፈን። በትኋን የተበላሸ ዕቃ የሚጣል ከሆነ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ተቀድዶ ይጣል እንጂ በደኅና መልኩ በመንገድ ዳር አይተው። የአዲሱ ቤት ስንጥቅ የሚደፈነውም ዕቃው ከመግባቱ በፊት፣ ግድግዳው ባዶ ሳለ ነው። አሮጌ አልጋና ሶፋ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ዕቃውን ገልብጦ ሥሩንና ስፌቱን ይመልከት፤ የገበያ እፍረት ለአንድ ደቂቃ ነው፤ የትኋን መከራ ግን ለዓመት ይተርፋል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ! በአጭሩ ለመናገር ትኋን በመሸሸጊያው ይኖራል፤ መሸሸጊያውም ሦስት ነው፤ የግድግዳችን ስንጥቅ፣ የፍራሻችን ስፌትና የእኛ ዝምታ። የመጀመሪያውን በጀሶ፣ ሁለተኛውን በፍል ውሃ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከጐረቤት ጋር በመመካከር እንዝጋ። መርዝ ቢያስፈልግ በባለሙያ እጅ ይሁን። ልጆቻችን ያለ ንክሻና ያለ መርዝ የሚተኙበት ሌሊት በእጃችን ያለ ነገር ነውና ሥራው ሳይውል ሳያድር ቢጀመር መልካም ነው።